ቀለሙና ነቀርሳው

እንግዲህ ጠጋ ጠጋ በሉና ስሙኝ። ዛሬ የምተርክላችሁ የሁለት መንገደኞችን ታሪክ ነው፤ አንዱ ቀለም ነው፣ ሌላው በሽታ። ቀለሙ በ1871 በአንድ ጀርመናዊ ኬሚስት እጅ ተሠራ (ዓመቶቼ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። የበሽታውን ዕድሜ ግን ቆጥሮ የጨረሰው የለም። ከወዴት ተነሣ እያሉ የሚመራመሩ ሊቃውንት ደጋግመው የሚመለሱት ወደ አንዲት የወደብ ከተማ፣ ወደ ጅቡቲ ነው። ሁለቱ መንገደኞች በየፊናቸው ስንት አገር ዞረው የሚገናኙትም በሰው ዓይን ውስጥ፣ በስተኋላ በኩል ባለው ስስ ሽፋን ላይ ነው። ሐኪሞች ሬቲና ይሉታል።

ትረካ ያለ ሰው አይጥምምና አንድ ሰው ላቁምላችሁ። ስም አላወጣሁለትም፤ የብዙዎችን ነገር ሰብስቤ በአንድ ሰው ላይ ጭኜበታለሁና። ሾፌር ነው፤ ባለ ተሳቢ ይነዳል። ዕድሜው ሠላሳን አልዘለለም፤ አገሩን ወልድያ አድርጌዋለሁ። ለምን ወልድያ እንዳልኩ ቆይታችሁ ታውቁታላችሁ።

መንገዱን መቼም ታውቁታላችሁ። ከወልድያ ቁልቁል ወደ ሚሌ፣ ከሚሌ ወደ ጋላፊ፤ ጋላፊ ላይ ወረቀቱን ጨርሶ ድንበር ይሻገራል። ከዚያ በዚያ ጠራራ ሜዳ ሲነዳ ውሎ ፒኬ 12 የሚባለው የጭነት መኪኖች ማቆሚያ ይደርስና ዶራሌ ወደብ የሚገባበትን ተራ ይጠብቃል። ከኢትዮጵያ የገቢና የወጪ ዕቃ ከመቶ ዘጠና እጁ የሚበልጠው በጅቡቲ ያልፋልና እንደ እሱ ተራ የሚጠብቅ ሞልቷል። ከሰኔ እስከ ነሐሴ ካምሲን የሚሉት ደረቅና ትኩስ ነፋስ ይነፍሳል፤ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል፤ አሸዋው ከዓይን፣ ከአፍ፣ ከምሳ ሣህን አይጠፋም።

ታዲያ ከዕለታት አንድ ቀን ይህ ሾፌር በግራ ዓይኑ ፊት ጥቋቁር ነጠብጣብ ሲዋኝ አየ። ዓይኑን አሸ፤ አልሄደም። ታጠበ፤ አልሄደም። «አሸዋ ነው» አለው ረዳቱ። «እንቅልፍ ማጣት ነው» አለው ሌላ ሾፌር። ከፋርማሲ ጠብታ ገዝቶ ጨመረ። ዓይኑ አልቀላም፤ አያመውም፤ ያዘናጋውም ይኸው ነው። ሰንበት ብሎ ነጠብጣቡ ጉም ሆነ። ሲመሽ የፊተኛው መኪና የኋላ መብራት ሁለት መሆኑ ቀርቶ አንድ የተድበሰበሰ ቅላት ሆነበት። ያኔ ፈራ። መኪናውን ለረዳቱ አደራ ብሎ ከተማ ገባና ሐኪም ፊት ተቀመጠ።

ሐኪሙ ብሌኑን የሚያሰፋ ጠብታ ጨመረለት፤ ጥቂት ጠብቆ በብርሃንና በሌንስ ወደ ውስጥ ተመለከተ። እስቲ እሱ እስኪያይ ድረስ እኔ አንድ ነገር ልንገራችሁ። በሰው ገላ ላይ ቆዳ ሳይቀደድ የደም ሥር እርቃኑን የሚታይበት ቦታ ጥቂት ነው፤ ዋነኛው የዓይን የውስጥ ግድግዳ ነው። ይህን በር የከፈተው ኸርማን ፎን ኸልምሆልትስ የተባለ ጀርመናዊ ነው፤ የዓይን መመልከቻ መሣሪያውን በ1851 ለዓለም አስታወቀ። ከእሱ በፊት በሕይወት ያለን ሰው የዓይን ውስጥ አጥርቶ ማየት እጅግ አዳጋች ነበር።

የእኛ ሐኪም ምን አየ? ዓይኑን በሞላው ፈሳሽ ውስጥ የተበተኑ የቁጣ ሕዋሳት አየ። ከዳር አካባቢ አንዳንድ የደም መልስ ሥሮች ግራና ቀኛቸው ነጣ ብሎ፣ እዚህም እዚያም ደም ነጥቦ አየ። ዓይን ከውስጥ ሲቆጣ ዩቪያይቲስ ይባላል፤ ቁጣው የሬቲናን ደም ሥሮች ሲይዝ ደግሞ ሬቲናል ቫስኩላይቲስ ይሉታል። ሐኪሙ እዚህ ድረስ በዓይኑ ደረሰ። ከዚህ ወዲያ ግን ዓይን ብቻውን አይበቃም። የተቀበረ ቧንቧ ሲያፈስ ከላይ መሬቱ መርጠቡን እንጂ ቀዳዳው የት እንደሆነ አታውቁም፤ የእሱም ነገር እንዲሁ ሆነ። የትኛው ሥር ያፈሳል? የትኛው ተደፍኗል? ለዚህ ነው ቀለሙ የሚጠራው። ስለዚህ ሾፌራችንን እዚያው ወንበር ላይ እናቆየውና ወደ ቀለሙ እንሂድ።

ፍሎረሲን ይባላል። የሠራው አዶልፍ ፎን ባየር ነው። ይህ ቀለም አንድ ድንቅ ጠባይ አለው፤ ሰማያዊ ብርሃን ሲያርፍበት ተቀብሎ ወደ ቢጫ የሚያደላ አረንጓዴ ብርሃን መልሶ ይረጫል። ዓመታት አለፉና በ1882 ፖል ኤርሊኽ የተባለ ወጣት ሐኪም ይህንኑ ቀለም በጥንቸል ሰውነት ውስጥ ጨምሮ ዓይኗ ውስጥ ሲያበራ ተመለከተ። በዓይን ውስጥ ያለው ፈሳሽ እንዴት እንደሚዘዋወር ያጠናበት ነበር።

አሁን ሁለተኛው መንገደኛ ይገባላችኋል። በዚያው ዓመት፣ መጋቢት 24 ቀን፣ ሮበርት ኮኽ በርሊን ውስጥ ጥቂት ምሁራን በተሰበሰቡበት አዳራሽ ቆሞ የሳንባ ነቀርሳን፣ ቲቢን፣ የሚያመጣውን ባክቴሪያ አገኘሁት ብሎ አሳየ። ከአድማጮቹ አንዱ ማን ነበር ትላላችሁ? ያው ኤርሊኽ! ንግግሩ ሲያበቃ በቀጥታ ወደ ቤተ ሙከራው ሄዶ ባክቴሪያው ይበልጥ ጎልቶ የሚታይበትን አቀላለም ይፈልግ ጀመር። እንደሚተረከው፣ ናሙና የቀባባቸውን መስተዋቶች እንዲደርቁ በቀዘቀዘ ምድጃ ላይ ትቷቸው ሄደ፤ እሱ ሳያውቅ ምድጃው ተለኮሰ፤ እሱ ሲመለስ ሙቀቱ ቀለሙን ከባክቴሪያው ጋር አጣብቆት ቆየው። ኋላም ነቀርሳው እሱን ራሱን ያዘው፤ ባክቴሪያውን በገዛ አክታው ውስጥ አገኘው። ለማገገም በ1888 ወደ ግብፅ ወረደ። በዚያው ዓመት ፈረንሳዮች ከታጁራ ባሕረ ሰላጤ ማዶ፣ ከኦቦክ ተሻግረው አዲስ የወደብ ከተማ ይቆረቁሩ ነበር፤ ከተማዋም ጅቡቲ ናት።

ቀለሙና ነቀርሳው ክብርም አብረው አገኙ። በ1905 የኬሚስትሪው የኖቤል ሽልማት ለባየር፣ የሕክምናው ለኮኽ ተሰጠ። እንዲያም ሆኖ በደም ሥር የተወጋ ፍሎረሲን በሰው ሬቲና ሲያልፍ በፎቶግራፍ ሊያሳይ የቻለ ሰው ገና አልተወለደም ነበር።

ኋላ ይህን ያሳዩት ሰዎች የተገኙት አሜሪካ፣ ኢንዲያና ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ነው። ሃሮልድ ኖቮትኒና ዴቪድ አልቪስ ይባላሉ፤ ሁለቱም ገና የሕክምና ተማሪዎች። ጊዜው 1959 ነው። ቀለሙ በሰማያዊ ብርሃን አረንጓዴ ካበራ፣ አሉ፣ ከካሜራው ብልጭታ ፊት ሰማያዊ ማጣሪያ፣ ከፊልሙ ፊት አረንጓዴ ማጣሪያ እናድርግ፤ ያኔ ፊልሙ ላይ የሚቀረው ቀለሙ ያለበት ደም ብቻ ይሆናል። ሐሳቡ አማረ። ግን ማን ይወጋ? ሳንቲም ጣሉ። ዕጣው በአልቪስ ላይ ወጣ። ኖቮትኒ ወጋው፤ ፎቶውንም አነሣው። በአንድ ሳንቲም ዕጣ የተጀመረው ነገር ዛሬ በዓለም ዙሪያ የዓይን ሐኪሞች የሚያዙት ፍሎረሲን አንጂዮግራፊ ሆነ። ጽሑፋቸውን ለዓይን ሕክምና መጽሔት ቢልኩት ተመለሰባቸው፤ በ1961 ያተመላቸው ሰርኩሌሽን የተባለው የልብና የደም ዝውውር መጽሔት ነው።

ወደ ሾፌራችን እንመለስ። ካሜራው ጅቡቲም ይገኝ፣ አዲስ አበባ ዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታልም፣ ሥራው አንድ ነው። ብሌኑ ሰፍቷል፤ አገጩን መደገፊያው ላይ አድርጓል፤ በክንዱ ደም ሥር መርፌ ገብቷል። ነርሷ አስቀድማ ነግራዋለች፤ ጥቂት ሊያቅለሸልሽህ ይችላል፣ ቆዳህ ለሰዓታት ቢጫ ይሆናል፣ ሽንትህ እስከ ማግስቱ ብርቱካናማ ይሆናል፣ አትደንግጥ። ከስንት አንድ ሰው ላይ ብርቱ አለርጂ ስለሚመጣም የድንገተኛ መድኃኒቱ ከአጠገብ ተቀምጧል። አለርጂ ያለበት ሰው ቀድሞ መናገር ያለበት ለዚህ ነው።

ቀለሙ ተወጋ። ከ10 እስከ 15 ሴኮንድ ባለው ጊዜ በልብና በሳንባ በኩል አልፎ ዓይን ደረሰ። መጀመሪያ የደም ቅዳ ሥሮች በጨለማው ላይ አበሩ፤ ቀጥሎ ቀጫጭኖቹ፤ ቀጥሎ የደም መልሶቹ። ጤነኛ ሬቲና ቢሆን ነገሩ በዚህ ያበቃ ነበር፤ የጤነኛ ሬቲና ደም ሥር ግድግዳው ሕዋስ ከሕዋስ የተቆላለፈ በመሆኑ ቀለሙን አያስወጣም። በእኛ ሾፌር ዓይን ግን ደቂቃው በሄደ ቁጥር ከሥሮቹ ዙሪያ ብርሃኑ እየሰፋ፣ ጠርዙ እየደበዘዘ መጣ። ያ ማፍሰስ ነው። የሥሮቹ ግድግዳ ራሱ ቀለም ጠጥቶ ቀረ። ከዳር ደግሞ ምንም ያላበራ ጥቁር ቦታ ታየ፤ ቀጫጭኖቹ ሥሮች ተደፍነው ደም አልደረሰውም። ከሁሉ የሚያስፈራው ይህ ነው። ደም የተነፈገ ሬቲና ዝም ብሎ አይሞትም፤ የጭንቁን አዲስ ደም ሥር እንዲበቅል ይጠራል፤ አዲሱ ሥር ደግሞ ደካማ ነው፣ ይፈነዳል፣ ዓይንን በደም ይሞላል፣ ኋላም ሬቲናን ጎትቶ ይነቅላል። በ1880 እንግሊዛዊው ሐኪም ሄንሪ ኢልስ በበርሚንግሃም የገለጻቸው ወጣት ወንዶች፣ ጤነኛ መስለው ዓይናቸው በደም ይሞላባቸው የነበሩት፣ እንዲህ ያለ ጣጣ የደረሰባቸው ናቸው። በሽታው ዛሬም በስሙ ይጠራል፤ ብዙዎችም ከቲቢ ጋር ያያይዙታል።

ቁጣው አብዛኛውን ጊዜ ከዳር ስለሚጀምር የካሜራው ስፋት ትልቅ ነገር ነው። የቀድሞዎቹ ካሜራዎች በአንድ ጊዜ ከ30 እስከ 50 ዲግሪ ያህል ብቻ ያያሉ። ስኮትላንዳዊው ዳግላስ አንደርሰን ትንሹ ልጁ የሬቲና መገንጠሉ ሳይታይ ቆይቶ የአንድ ዓይኑን ብርሃን ሲያጣ፣ በአንድ ጊዜ 200 ዲግሪ የሚያይ መሣሪያ ለመሥራት ተነሣ፤ ኦፕቶስ የተባለው ኩባንያ የተወለደው ከዚያ ነው። ያለ መርፌና ያለ ቀለም የሚሠራም መጥቷል፤ ኦሲቲ አንጂዮግራፊ ይባላል፤ በብርሃን ብቻ የደም ሴሎችን እንቅስቃሴ ተከትሎ ሥሮቹን ይስላል። የተደፈነውን አጥርቶ ያሳያል፤ የሚያፈሰውን ግን አያሳይም። ስለዚህ ያ አሮጌ ቀለም በዩቪያይቲስ ክሊኒክ ዛሬም ከሥራው አልተፈናቀለም።

አሁን ወደ ዋናው ቋጠሮ ደረስን። ሥዕሉ ወጣ፤ ሥሮቹ እንደሚያፈሱ ታወቀ። ታዲያ ለምን ያፈሳሉ? ሥዕሉ እዚህ ላይ ዝም ይላል። ቱርካዊው ሐኪም ሁሉሲ ቤሼት በ1937 የገለጸው፣ አፍንና ብልትን እያቆሰለ ዓይን ውስጥ የሚገባው በሽታ እንዲህ ያፈሳል። ሳርኮይዶሲስ እንዲህ ያፈሳል። ቂጥኝ ያፈሳል። ቲቢም ያፈሳል። መልካቸው አንዳንዴ ይለያያል፤ ብዙ ጊዜ ግን ይመሳሰላል። መድኃኒታቸው ደግሞ ይጣላል። ቤሼት የሰውነትን መከላከያ የሚያዳክም ብርቱ መድኃኒት ይፈልጋል፤ ያንኑ መድኃኒት ድብቅ ቲቢ ላለበት ሰው ሰጥታችሁ ከሆነ ተኝቶ የነበረውን አውሬ ቀሰቀሳችሁት ማለት ነው።

እንግዲህ ጅቡቲ ውስጥ የዓይን ሥር ሲያፈስ መጀመሪያ ማን ይጠረጠራል? ጅቡቲ በሕዝቧ ቁጥር ሲሰላ ቲቢ እጅግ ከበዛባቸው አገሮች ተርታ ለረዥም ዘመን የቆየች ናት፤ ለዚሁ በሽታ የተለየ ፖል ፎር የሚባል ሆስፒታል አላት። ሌላም ጉድ አለ። በ1969 በፓሪሱ ፓስተር ኢንስቲትዩት ይሠራ የነበረው ዦርዥ ካኔቲ ከአንድ ወጣት ፈረንሳዊ ገበሬ አክታ አንድ እንግዳ የቲቢ ባክቴሪያ አበቀለ። የተለመደው የቲቢ ባክቴሪያ ሻካራ ሆኖ ሲያድግ ይኸኛው ለስላሳና አንጸባራቂ ነበር። ዓመታት አልፈው በ1997 ከአንድ ሶማሊያዊ ሕፃን የተገኘ መሰሉ ተጠንቶ ማይኮባክቴሪየም ካኔቲ የሚል ስም ወጣለት። ከዚያስ ናሙናው ከየት እየመጣ ሄደ? ከጅቡቲ! በቡፋር የጦር ሆስፒታል የነበሩ ፈረንሳውያን ሐኪሞች ደጋግመው አገኙት። በዓለም የተገኙት ካኔቲዎች እስከ 2013 ድረስ ከመቶ አይበልጡም፤ አብዛኞቹ የጅቡቲ ናቸው። የዘር ሐረጋቸው ሲነበብ ደግሞ እነዚህ ጥቂቶች በመላው ዓለም ካለው የተለመደ ቲቢ ይልቅ እርስ በርስ ይለያያሉ። ብዙ ዓይነት ያለበት ቦታ የጥንት ቤት ነው ብለው ሊቃውንቱ የነቀርሳ መነሻ ወደ አፍሪካ ቀንድ እንደሚጠጋ ገመቱ። ካኔቲ ከሰው ወደ ሰው ሲተላለፍ አልታየም፤ ከአካባቢው ከአንዳች ማደሪያ እንደሚመጣ ይጠረጠራል።

ሾፌሩን ለምን ወልድያ እንዳደረግሁት አሁን ልንገራችሁ። በሰው መካከል የሚዘዋወረው ቲቢ ስድስት ታላላቅ የዘር ሐረግ እንዳለው ይታወቅ ነበር። በ2013 በኢትዮጵያ የተደረገ ጥናት ሰባተኛውን ይዞ ብቅ አለ፤ በጥንታዊዎቹና በዘመናዊዎቹ ሐረጎች መካከል የሚቆም ሐረግ ነው፤ በብዛት የተገኘውም በወልድያ አካባቢ ነው። ወልድያና ጅቡቲ በአንድ የአስፋልት መንገድ ላይ ናቸው፤ በነቀርሳ ታሪክም ጎረቤት ሆነው ተገኙ። ተጠንቀቁ ግን! ካኔቲም ሆነ ሰባተኛው ሐረግ ዓይንን በተለየ ያጠቃል ያለ የለም። የምለው፣ በዚህ መንገድ ላይ የሚኖር ሰው ዓይኑ ከውስጥ ሲቆጣ ቲቢን ሳይጠይቁ ማለፍ አይቻልም ነው።

ሾፌራችን ስለዚህ ተጠየቀ። ሳል አለብህ? የለብኝም። ሌሊት ያልብሃል? በጅቡቲ ሙቀት የማያልበው ማን አለና! ክብደት ቀንሰሃል? ቀበቶዬን አጥብቄአለሁ። ከአንተ ጋር ያደረ ሕመምተኛ ነበር? አንድ የሥራ ጓደኛ መድኃኒት ይወስድ ነበር። የደረት ራጅ ተነሣ፤ ንጹሕ ሆኖ ወጣ። ራጁ ንጹሕ ስለሆነ ቲቢ የለም አይባልም፤ ዓይን ውስጥ የሚገባው ቲቢ ብዙ ጊዜ ሳንባውን ትቶ ነውና። የቲቢ የቆዳ ምርመራ የተደረገበት ቦታ በጣም አበጠ። የቂጥኝም የኤችአይቪም ምርመራ ተሠርቶ ነጻ ተባለ። ሐኪሞቹ ተመካክረው ለቲቢ ማከም ጀመሩ፤ አራቱ የቲቢ መድኃኒቶች መጀመሪያ፣ ከእነሱ ጋር ቁጣውን የሚያበርደው ስቴሮይድ፣ ደም ባጣው ጥቁር ቦታ ላይ ደግሞ ሌዘር። የሌዘሩን ዒላማ ያመለከተው ያ የቀለም ሥዕል ነው። ኢታምቡቶል የሚባለው አንደኛው መድኃኒት አልፎ አልፎ የዓይንን ነርቭ ስለሚነካ ቀይና አረንጓዴን መለየቱን በየጊዜው ይፈትኑታል። ከወራት በኋላ እንደገና ቀለም ተወግቶ ፎቶ ይነሣል፤ ማፍሰሱ ከቆመ መድኃኒቱ ሠራ፣ ካልቆመ ምርመራው እንደገና ይታያል።

ፍርዴን ልንገራችሁ። የሬቲና ደም ሥር ፎቶ የት እንደሚያፈስ ይናገራል፤ ለምን እንደሚያፈስ የሚመሰክሩት ደም፣ ደረት፣ ቆዳና የታማሚው አንደበት ናቸው። ሥዕሉን ብቻ አይቶ መድኃኒት የሚያዝ ይሳሳታል፤ ሥዕሉን ሳያይ የሚያዝም በጨለማ ይሄዳል።

ስለዚህ እናንት የምታነቡኝ፣ በተለይ በዚያ መንገድ የምትመላለሱ ወንድሞችና ቤተሰቦቻችሁ፣ ይህን ያዙልኝ። በዓይናችሁ ፊት ድንገት ነጠብጣብ ቢዋኝ፣ ጉም ቢመጣ፣ መጋረጃ የወረደ ቢመስላችሁ፣ ዓይናችሁ ባይቀላም ባያማችሁም፣ ሳምንት ሳትጠብቁ የዓይን ሐኪም ፈልጉ። ከፋርማሲ ስቴሮይድ ያለበት ጠብታ በገዛ ፈቃዳችሁ አትግዙ፤ በሽታውን ይሸሽጋል፣ የዓይን ግፊትም ያስነሣል። ቲቢ የያዘው ሰው አብሯችሁ ኖሮ እንደሆነ ሐኪሙ ባይጠይቃችሁም ንገሩት። የቲቢ መድኃኒት ከጀመራችሁ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከስድስት ወር ያነሰ አይደለምና፣ አሻለኝ ብላችሁ መሐል መንገድ ላይ አትጣሉት።